ጋሪው ለልጅቷ ነው

አባቴ ሞተሩ ላይ እንዳጎነበሰ «አሥራ ሦስት ቁልፍ!» ብሎ እጁን ወደ ኋላ ሲዘረጋ፣ የሚዘረጋው ወደ እኔ አልነበረም። ወደ ከውሰር ነበር። ከውሰርም ጣሳው ውስጥ ከታጨቁት የብሎን መፍቻዎች መካከል ቁጥሩን እንኳ ሳታነብ፣ በክብደቱ ብቻ ለይታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች። እኔ «ከዚህች ወዲህ እንዳታልፊ» ተብሎ ከተሰመረልኝ መስመር ማዶ፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ አያታለሁ። መስመሩን መሬት ላይ በብረት ጫፍ ያሰመረው ራሱ አባቴ ነው። ዝናብ ሲያጠፋው እንደገና ያሰምረዋል።

ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ እሷ አሥራ አንድ። ዘመኑ ዘጠና አራት፣ አገሩ ስማዳ፣ ቤታችን ወገዳ ከተማ ዳር። አባቴ ስማቸው ይባላል፤ የወፍጮ ሞተረኛ ስለነበር ቅንድቡ ዓመት እስከ ዓመት ዱቄት እንደለበሰ ነው። የከውሰር አባት ታሂር ደግሞ ገበያው መግቢያ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ምስማር፣ ገመድ፣ ወፍጮ የሚያዞር ቺንጋ ይሸጣል። ከውሰር መጀመሪያ የመጣችው አባቷ የላከውን ቺንጋ ልታደርስ ነው። ከዚያ ወዲያ አልሄደችም ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ቤት ናት፤ ቅዳሜም እኛ ቤት ናት። ውኃ ልቀዳ ስወርድ ትከተለኛለች። ምድጃ ዳር ስቀመጥ መጥታ በእኔና በእሳቱ መካከል ትቀመጣለች። ሙቀቱን እንኳ የምትቀማኝ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የሚጠግናት ትራክተር የመጣችው ከችግኝ ጣቢያው ነው። ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ፈረንጆች የከፈቱት ጣቢያ ነበር፤ እነሱ ሲሄዱ ዕቃው እዚያው ዝጎ ቀረ። ትራክተር ስላችሁ ሰፊ ሜዳ የሚያርሰው ትልቁ ማሽን እንዳይመስላችሁ። የጓሮ ትራክተር ናት፤ ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም፤ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታስቀምጠው። ከኋላዋ የሚቀጠሉ አንዲት ማረሻ፣ የሣር ማጨጃና ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አብረዋት ነበሩ። ከአሥር ዓመት በላይ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ መቀመጫዋ ላይ ዶሮ ትፈለፍል ነበር። ጣቢያው አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ አባቴ ወሰዳት። በሁለት በሬ አስጎትቶ በገበያው መሐል ሲያመጣት ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ሳቀ።

«ስማቸው! ማን ማንን ነው የሚጎትተው?» ይሉታል።

«ቆይ፣ ቆይ፤ ታያላችሁ» ይላል እሱ፣ እየሳቀ።

ስምንት ወር ፈጀችበት። ፒስተኑ ደርቆ ከሚመላለስበት ብረት ጋር ስለተጣበቀ ዘይት አጠጥቶ ሁለት ሳምንት ጠበቀው፤ በየጠዋቱ ሥራ ከመግባቱ በፊት በእንጨት መዶሻ መታ መታ ያደርገዋል። ዝገቷን በነጭ ጋዝና በአሸዋ ፈተጋት። የጠፉ ብሎኖቿን ከወፍጮው ትርፍራፊ ሞላ። ከወፍጮ ቤቱ በር የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ቀባት። ሞተሩ ዘይት እንዳያፈስ በሁለቱ ብረት መካከል የሚገባውን ስስ ጓርኒሲዮን ግን ከካርቶን በመቀስ የቆረጠችው ከውሰር ናት። አባቴ ወደ ብርሃን አንሥቶ አገላብጦ አየው።

«አንች ልጅ፣ እጅሽ እኮ የመካኒክ እጅ ነው» አላት።

እኔ ጓሮ ሄጄ የራሴን እጅ አገላብጬ አየሁ። ምን እንደሚጎድለው አልገባኝም።

አንድ ቀን መስመሩን አለፍኩ። አባቴ ሞተሩን ለመሞከር ቺንጋውን በእጁ እያዞረ ነበር፤ ከውሰር የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በጨርቅ ትወለውላለች። ካንዴላውን ከእጇ ነጥቄ «አባየ፣ እኔ ልስጥህ» አልኩት። ዞር ብሎ ሲያየኝ ሁለት እጄን ጥፍር አድርጎ ይዞ አንጠልጥሎ አወጣኝ።

«ወዲያ! ወዲያ ሂጅ አላልኩሽም? የሚዞር ነገር አጠገብ እንዳላይሽ!»

ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ያን ጊዜ ቁጣ ነው ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ የራሴ ልጆች አሉኝ፤ አንዱ መንገድ መሐል ሮጦ ሲገባ የእኔም ፊት እንደዚያ እንደሚሆን ነግረውኛል።

እንቅልፋም ልጅ ነበርኩ። እንደዚያ ነበር የሚሉኝ። አጥር ላይ ያረፈች ወፍ እያየሁ ወፏ ድንገት ትጠፋለች፤ ሳየው እናቴ ጭን ላይ ነኝ፤ ፀሐይዋም ቦታዋን ቀይራለች። አፌ ደም ደም ይላል፣ ቀሚሴ ርሷል። «እንቅልፍ ወሰደሽ እኮ፣ የኔ እናት» ትለኛለች እማየ፣ ፀጉሬን እየደባበሰች። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሲመጡ ገና ከበሩ «ሰሞኑንስ መጣባት?» ብለው ይጠይቃሉ። «በዚህ ሳምንት ሁለቴ» ትላለች እናቴ፤ እሳቸውም ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጩኛል። የሚመጣው እንግዳ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ስተኛ ጠብቆ መጥቶ፣ ሳልነቃ የሚሄድ እንግዳ።

ትምህርት ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ አልነበረም። ሳልፍ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። በዕረፍት ሰዓት ከውሰር ከራሷ ክፍል ሮጣ መጥታ አጠገቤ ትቆማለች። «ሂጅልኝ፤ እዚህም መጣሽ?» እላታለሁ። አትሄድም። ትንሽ ራቅ ብላ ቆማ ታየኛለች። እያየችብኝ ለአባቴ የምታሳብቅ መስሎኝ በጣም ጠላኋት።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴና አባቴ ደጅ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከጎተራው ኋላ ነበርኩ። እናቴ አበራሽ ምስር ትለቅማለች፤ ድንጋዩን ለቅማ ስትጥል ጣ ጣ ሲል ይሰማኛል።

«እስከ ሐምሌ ትደርሳለች ትላለህ?» አለችው።

«ትደርሳለች። ሞተሯ ከተነሣች ጋሪው ቀላል ነው።»

«እንዳምናው ከሆነ እኔ አልችለውም። እንደዚያ ተሸክመው…»

«እንዳምናው አይሆንም፣ አበራሽ። ጋሪው ለልጅቷ ነው ብየሻለሁ። እህል አልጭንበት፣ ለሰው አላውሰው። ለልጅቷ ነው።»

ልጅቷ! እኔ በዚያ ቤት ውስጥ «የኔነሽ» ነኝ፤ ወይም «ልጄ» ነኝ። «ልጅቷ» የሰው ልጅ ናት። ከጎተራው ኋላ ቁጭ ብዬ የጭቃውን ልጥፍ በጥፍሬ ስፍቅ ዋልኩ።

በሦስተኛው ቀን ጥርጣሬዬ ዓይኔ እያየ እውነት ሆነ። አባቴ የጋሪውን አሮጌ ወለል አንሥቶ አዲስ ሳንቃ ደርድሯል። «ከውሰር፣ እስቲ ተኝበት» አላት። እሷ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመች። በገመድ ከራስ ፀጉሯ እስከ ተረከዟ ለካት።

«ትንሽ እንጨምርበት» አለ፤ «ልጅ ያድጋል።»

ቀጥሎ የጋሪውን ጎንና ጎን በብርድ ልብስ ቁራጭ ለበጠው። ቀጥሎ የከውሰር እናት ራቢያ ከሰማያዊ ሸራ የሰፋችውን ፍራሽ አምጥታ ዘረጋችበት። ሰው እንዳይወድቅ ከላይ የሚታሰር ሰፊ ጠፍር ሳይቀር ተሠራ። አባቴ ለእኔ የምቀመጥበት አንዲት ዱካ እንኳ ሠርቶልኝ አያውቅም። እሷን ግን በጋሪ ላይ አልጋ ዘርግቶ፣ እንደ ሙሽራ ሊያንሸራሽር ነው!

ለምን እኔን ራሴን እንዳልለካኝ ኋላ ጠይቄዋለሁ። «ብለካሽ ለምን ነው ትይኝ ነበር» አለኝ። «ምን ልመልስልሽ?»

ሞተሯ የተነሣች ዕለት ግማሽ ከተማ ነበር የወጣው። አባቴ ገመዱን ጠመጠመና ጫፉን ለከውሰር ሰጣት። «ሳቢ!» አላት። አንዴ ሳበች፣ ሁለቴ ሳበች፤ በሦስተኛው ተክ ተክ ተክ ብላ ሰማያዊ ጢስ ተፋችና ተነሣች። ሴቱ እልል አለ። ማረሻዋን ቀጥሎ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ያለውን ቁራሽ መሬት ሲያርስ ገበሬዎቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ጓሉን እያነሡ በእጃቸው ይፈረፍሩታል። «ጥልቀቱ ይበቃል?» «ይበቃል እንጂ! ገብስ ይወጣዋል።» «ድንጋይ ቢመታትስ?» አባቴ ላብና ዱቄት ፊቱ ላይ ተቦክቶ ይስቃል። በመጨረሻ ከውሰርን ብድግ አድርጎ መቀመጫው ላይ አስቀመጣትና መሪውን አስያዛት።

«የኔ ልጅ ጎበዝ!» አለ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

የኔ ልጅ። እኔ የቀሚሴን እጅጌ ነክሼ ቆሜ ነበር። ሳላስበው ቀድጄዋለሁ።

ሰኔ ገባ። ፍሬኗ አሁንም አይዝም፤ ዕቃው ከባሕር ዳር እስኪመጣ ይጠበቃል። ስለዚህ ትራክተሯ ከነጋሪዋ በር አካባቢ ባለው ዳገት ላይ ስትቆም ከኋላ ጎማዋ ሥር ትልቅ ድንጋይ ይገባል። ድንጋዩን ማስገባት የከውሰር ሥራ ነው። አባቴ በየቀኑ «ድንጋዩስ?» ይላታል፤ እሷም «ገብቷል፣ ጋሼ ስማቸው» ትላለች። ከበታች ደረቅ ገደል አለ። ትራክተሯ እዚያ ገብታ ብትሰበር፣ ጋሪም አይኖርም፣ ፍራሽም አይኖርም፤ ከውሰርም ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አባቴም ይመለስልኛል። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ነገሩ ይህንኑ ያህል ቀላል ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ሄጄ ከጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ድንጋዩ ከብዶኝ ነበር፤ ግራ ቀኝ እያወዛወዝኩ አላላሁት።

ከውሰር ከጋሪው ሥር ተኝታ ግራሶ ትቀባ ነበር። ለብዙ ዓመት «እዚያ መኖሯን አላየሁም» ብዬ ለራሴ ነግሬያለሁ። አይቻለሁ። እግሯ ይታየኝ ነበር። አንዱ የላስቲክ ጫማዋ ወልቆ ጎኗ ላይ ነበር። አይቼ ድንጋዩን ሳብኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው የለኝም። ወፏ ጠፋች እንደምለው፣ ጎማው ጠፋ። ስነቃ እናቴ ጭን ላይ ነኝ፤ ሰው ይጮኻል፤ ትራክተሯ የባሕር ዛፍ ጉቶ አግኝቷት አፍንጫዋ ተጣሞ ቆማለች። ከውሰር መሬት ላይ ተቀምጣ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ይዛዋለች። እጇ እጅ አይመስልም። አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ነጥቷል።

አባቴ ከላይዋ ቆሞ ይጮህባታል። «ድንጋዩን አሳምረሽ አላስገባሽውም! ስንቴ ነገርኩሽ? ስንቴ? ልጄን ልትገድይብኝ ነበር እኮ!»

እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ሁሉንም እየሰማሁ ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

ዝናቡ ስለጀመረ መኪና ከወንዙ ማዶ ነበር የሚቆመው። አባቴ ሞተሯን አስነሣና ከውሰርን ጋሪው ላይ፣ ሰማያዊው ፍራሽ ላይ አስተኛት። ጠፍሩን አሰረላት። ታሂርና ራቢያ ከኋላ እየሮጡ ተከተሉ። ከወንዙ ማዶ በመኪና መካነ ኢየሱስ፣ ከዚያም ደብረ ታቦር ሄዱ። አባቴ በማርሽ ብቻ እየያዛት ዳገቱን ሲወርዱ ቆሜ እያየሁ ምን እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ይኸው፣ እውነትም ጋሪው ለእሷ ነበር፣ ብዬ ነው ያሰብኩት።

የከውሰር እጅ ዳነ፤ ጣቶቿ ግን ዳግመኛ አልተጨበጡም። ታሂር ከዚያ በኋላ ወደ እኛ ቤት አልላካትም። አባቴም አልጠራትም። በመንገድ ሲገናኙ እሷ ቀድማ መንገዱን ትቀይራለች። እኔ የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። መፍቻው ግን ለእኔም አልደረሰኝም፤ መስመሩ እንደተሰመረ ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት አባቴ ጋሪውን ቀጥሎ «ነይ ውጭ፣ የኔነሽ» አለኝ።

«የት?»

«ሐኪም ቤት።»

«ማን ታመመ?»

እናቴ ፊቷን አዞረች። አባቴ አንሥቶ ፍራሹ ላይ አስቀመጠኝና ጠፍሩን አሰረልኝ። ልኬ ነበር። ራሴ ከላይ፣ እግሬ ከታች፣ ትንሽ ትርፍ ቦታ። ሸራው ላይ ታጥቦ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ አለ። ደብረ ታቦር ሐኪሙ ለእናቴ ሲያስረዳ ነው «የሚጥል በሽታ» የሚለውን ቃል ስለ እኔ ሲባል የሰማሁት። አምና ክረምት በአንድ ቀን አምስት ጊዜ ጥሎኝ፣ መኪና ጠፍቶ፣ ስምንት ሰው በቃሬዛ ተሸክሞ ጭቃውን እንዳሻገረኝ የሰማሁት ደግሞ ስመለስ ነው። በቅሎ ላይ እንዳልቀመጥ እወድቃለሁ። እንዲሸከሙኝ የሰው ፊት ማየት አባቴን አሳርሮት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ዝገት የፈተገው ለዚህ ነበር።

አራት ክረምት በዚያች ጋሪ ለመድኃኒቴ ተመላለስኩ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ወዲህ አልጣለኝም። ተማርኩ፣ ደብረ ታቦር ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ስለ ድንጋዩ ለማንም አልተነፈስኩም።

ባለፈው ጥር ታሂር ሞተ። ለቅሶ ልደርስ ወገዳ ሄድኩ። ሰው ከተበተነ በኋላ ከውሰርን ሱቁ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። አሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። ምስማር በቀኝ እጇ እያፈሰች ግራዋን እንደ ሰፌድ ከሥር ታደርገዋለች። ስለ አባቷ ትንሽ አወራን። ከዚያ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፤

«ድንጋዩን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«የቱን ድንጋይ?»

ሳላስበው እጇን አየሁት። እሷም እጇን አየችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«አውቀሽ ነው?» አለች።

«አውቄ ነው። እግርሽ ይታየኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቤ ድንጋዩን መልሼ አስገባዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «እንዲህ አድርጌ ባዞረው ኖሮ፣ እንዲያ አድርጌ ብገፋው ኖሮ እያልኩ። መጀመሪያ ቺንጋ ይዤ የመጣሁ ቀን አባትሽ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ልጄ በሽተኛ ናት፤ ልጆች ይሸሿታል። አንች አትሽሻት። እሳት ዳር፣ ውኃ ዳር ዓይንሽን ከእሷ አታንሽ። እኔ ደግሞ ሙያ አስተምርሻለሁ።› ሙያውን ወድጄው ነበር፣ የኔነሽ። አንችንም ወድጄሽ ነበር።»

«ከውሰር…»

«ያን ቀን ጋሪው መንቀሳቀስ ሲጀምር ተንከባልዬ ወጥቼ ነበር። ተርፌ ነበር። ሳይ አንች ከጎማው ሥር ወድቀሽ ትንፈራገጫለሽ። ቀሚስሽን ይዤ ስጎትት ነው ጎማው እጄ ላይ የወጣው።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ምን ብዬ? ድንጋዩን ያላሳመርኩት እኔ ነኝ ብዬ ካመንኩ፣ አዳንኳት ብዬ ልመካ?» ተነሣችና የሱቁን በር ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «አሁን ሂጅ። ይቅር እንድልሽ አትጠይቂኝ፤ ዛሬ አልችልም። ሄደሽ ለአባትሽ ንገሪው። ከውሰር አይደለችም በይው።»

አባቴን ደጅ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁት። ሰባውን አልፏል፤ ጆሮው ስለደከመ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። ድንጋዩን ነገርኩት፤ ቀሚሴን ይዛ መጎተቷንም ነገርኩት።

«አንች?» አለ አንዴ ብቻ።

«አዎ፣ አባየ።»

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ጋቢውን አጣፋ፣ ከዘራውን ፈለገ።

«ወዴት ነው? ቆይ፣ ልደግፍህ።»

«አንች ቆይ» አለኝ። «የጮኽኩባት እኔ ነኝ።»

ቀጥ ብሎ ወጣ። ርቄ ተከተልኩት። በዚያ አዝጋሚ እግሩ ገበያውን አቋርጦ ሱቁ በር ላይ ደረሰ። ከውሰር ወጣች። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ። ከዘራውን ጥሎ ወደ እግሯ ሲያጎነብስ አየሁ። እሷ ደንግጣ ትከሻውን ይዛ ቀና አደረገችው፤ ራሱን ደረቷ ላይ ጣለና ሁለቱም እዚያው በር ላይ፣ ገበያተኛው እያያቸው ተላቀሱ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሠላሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ቀናሁ።